በየቲም መኪና የተሰጠ አውፍታ

ስሟን በማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ ሸህ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ስሟን የማልጠራው ረስቼው አይደለም። የሸኹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ፤ የአባታችንን ገመና ጋዜጣ ላይ አወጣብን ብለው እንዳይቀየሙኝ ነው። ገመና ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማወራው አንድ ደግ ሰው ስለሠሩት ስህተት ነው። የደጋግ ሰዎችን ታሪክ ስንናገር ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ ያልተሳሳቱ እያስመሰልን ሰውን ተስፋ እናስቆርጣለን። የሰማን ሁሉ "እኔማ እንደሳቸው የት ልሆን" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ከተማይቱ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። ከላይ የጁምዓ መስጂዱ፣ ከታች ገበያው፣ በመካከላቸው ድንጋይ የተነጠፈበት ቀጭን መንገድ አለ። ሸህ ጦይብ ከመስጂዱ በር አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮፍያና ጀለቢያ ይሰፉ ነበር። እስከ ዙህር ሶላት ይሰፋሉ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቁርኣን ያስቀራሉ። ሀብታም አልነበሩም። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች የብርቱካን ማሳና ለአረፋ የሚያደልቡት አንድ በሬ፣ ያላቸው ይኸው ነበር። ስማቸው ግን ከከተማው ሀብታሞች ሁሉ ይበልጥ የተጠራ ነበር፤ ያን ስም ያገኙት ደግሞ ይቅር በማለት ነው።

ከሱቃቸው ጨርቅ የሰረቀ ሰው ሲያዝ "ሀላል ብየዋለሁ፣ ልቀቁት" ብለው አስፈቱት። የጎረቤት ፍየሎች የብርቱካን ችግኛቸውን ሲጨርሱት "ለነሱ የተጻፈ ሪዝቅ ነው" ብለው ዝም አሉ። ዱቤ ወስዶ የካዳቸውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን ቀድመው የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ። በዚያ አገር የበደለ ሰው የተበዳዩን ትከሻ ስሞ "አውፍ በሉኝ" ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ሸህ ጦይብ ይህን ቃል ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቁም ነበር፤ "አውፍ" ይላሉ፣ አለቀ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አርባ ዓመት የተደጋገመ ነገር ደግሞ መልካም ቢሆንም እንኳ ከልብ ይወጣና ምላስ ላይ ይቀመጣል። ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ጎረቤታቸው ጀውሀር ሹፌር ነበር፤ አንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረችው። "መኪናዋን ከሚስቱ አብልጦ ያያታል" እያሉ ሰዎች ያሙት ነበር፤ ይህን አጥብቃ የምትናገረው ራሷ ሚስቱ ሀዋ ናት። ጠዋት ሳያጥባት አይወጣም፣ ማታ ሳይሸፍናት አይገባም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲነዳት ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም አልተነካም። በዚያ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሯ በፊት የሚያየው ይህንን ነው። እንደገና የተቀባች መኪና ተመትታለች ማለት ነው፤ የተመታች መኪና ደግሞ የቱንም ያህል ብትጠገን የቀድሞ ዋጋዋ አይመለስም።

ጀውሀር ታመመ፤ ሕመሙም የማይነሣበት ሆነ። በሞተበት ሳምንት ሸህ ጦይብን አስጠርቶ እጃቸውን ያዘ።

"ሸህ፣ ልጆቼን ለአላህ፣ ንብረታቸውን ለእርስዎ ትቻለሁ" አላቸው።

"አማናህን ተቀብያለሁ" አሉት።

ልጆቹ ሁለት ነበሩ፤ ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ትንሿ አራት ዓመቷ። ሸህ ጦይብ እንዲህ ሆነው የየቲሞቹ፣ የሙት ልጆቹ፣ ወሲይ፣ ማለትም የንብረታቸው ጠባቂ ሆኑ። ንብረቱም ያቺው ሰማያዊ መኪና ብቻ ነበረች። ቤቱ የኪራይ ነው። ባለቤቱ ለልጁ ሊድርበት ስለፈለገው ለሀዋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጊዜ ሰጥቷታል። ስለዚህ መኪናዋ ተሽጣ ከገበያው አጠገብ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንድትገዛ ተመከረ፤ አንዱ ክፍል መኖሪያ፣ አንዱ ሱቅ። የቤቷ ዋጋና የመኪናዋ ዋጋ ልክ ለልክ ነበር። አንድ ሺህ ብር ቢጎድል የሚሞላ ዘመድ አልነበራቸውም።

ሀዋ ኢዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆየውን አራት ወር ከአሥር ቀን ስትጨርስ፣ ሸህ ጦይብ መንዳት የሚችል ጎረቤት ለምነው መኪናዋን ከግቢ አስወጡ። ሰው እንዲያያትም መስጂዱ በር አጠገብ አስቆሟት። ቀኑ ጁምዓ ነበር። በዚያው ሰዓት ይማም የሚባል ሰው ሽንኩርት ጭኖ ከላይኛው መንገድ ይወርዳል። ይማም አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ያለው፣ ራሱ ጭኖ ራሱ የሚነዳ ታታሪ ሰው ነበር። ሶላት ሊያመልጠው ሆነና መኪናውን ተዳፋቱ ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ እንዳለበት ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ቸኩሎ ተወው።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ ከውጭ ድምፅ ተሰማ። ሶላቱን ያቋረጠ የለም፤ ግን ኢማሙ ራሳቸው ያንን ረከዓ አሳጠሩት ይባላል። ሰዉ ሲወጣ የጭነት መኪናው አፍንጫ የሰማያዊዋን መኪና ግራ ጎን በስቶ ገብቷል። ሽንኩርቱ ተዳፋቱን ይዞ እስከ ገበያው ወርዷል፤ የገበያ ሴቶች በዚያ ቀን ያለ ብር ሸመቱ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ።

ይማም ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጦ የሸህ ጦይብን ትከሻ ሳመ።

"ሸህ፣ አውፍ በሉኝ" አለ።

"አውፍ ብዬሃለሁ" አሉ ሸህ ጦይብ። "ጎኗን አሠርተህ መልስልኝ እንጂ፣ ከዚያ ያለፈ ካንተ ጋር ምንም ነገር የለኝም።"

በሩ ላይ የቆመው ጀማዓ በአንድ ድምፅ "አላሁ አክበር" አለ። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። ሸህ ጦይብም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላቸው። ቤታቸው ሲገቡ ምሳቸውን በደንብ በሉ።

ይማም ቃሉን አከበረ። መኪናዋን ላሜራ ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰዳት፣ ከዚያ ወደ ቀለም ቀቢ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እላያቸው ላይ ቆሞ አሠራት። ስትመለስ ከድሮዋ ይልቅ ታበራ ነበር። ሸህ ጦይብ መርቀው አሰናበቱት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የመኪና ደላላ ገዢ አመጣ። ገዢው ከሩቅ ከተማ የመጣ የማር ነጋዴ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ያየውን ነገር ሁለቴ የሚያይ ሰው። ዋጋው ላይ ብዙ ሳይከራከሩ ተስማሙ። የቀረው ተፈራርሞ መጨባበጥ ብቻ ነበር። ደላላው ሸህ ጦይብን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

"ሸህዬ፣ የግራ ጎኗን ነገር አያንሡ" አላቸው። "እንኳን እሱ፣ እኔም ያየሁት ስለማውቅ ነው። ለራስዎ ቢሆን አልልም ነበር። ለየቲሞቹ ነው።"

ሸይጧን እንደ ሸይጧን ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ሥራው ባልቀናው፤ በየቲም ስም ነው የመጣው። ሸህ ጦይብ ያን ጊዜ ውስጣቸው ትንሽ ተንገዳግዷል፤ ኋላ ራሳቸው እንዲህ ብለው አውርተዋል። ቤቷ ዓይናቸው ላይ መጣች፣ ሁለቱ ክፍሎቿ፣ የሀዋ ሱቅ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ነጋዴው ሄዱ።

"ወንድሜ፣ መኪናዋ በግራ ጎኗ ተመትታለች" አሉት። "በሩም ክንፉም ተቀጥቅጦ የተቀባ ነው። እጅህን አሳልፈህ እየው።"

ነጋዴው እጁን አሳለፈ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ።

"አላህ ይስጥዎት" አላቸው። "እንግዲህ ሸህ፣ ቅር አይበልዎት፤ ስድሳ ሺህ ብር መቀነስ አለብኝ። መኪናዋን ጠልቼ አይደለም። ነገ እኔም ስሸጣት እንደ እርስዎ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ጊዜ ይቀነስብኛል። እስከ ማክሰኞ አስበው ይንገሩኝ።"

ሸህ ጦይብ "ልክ ብለሃል" ብለውት ወደ ሱቃቸው ገቡ። መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የመኪናዋን ዋጋ ያጎደለው ይማም ነው፣ የጎደለውን ይማም ይሙላ። ሸሪዓውም እንዲህ ነው፤ ሰው የሰውን ንብረት ቢጎዳ የሰበረውን መጠገን ብቻ ሳይሆን፣ ተጠግኖም ያልተመለሰውን ዋጋ መካስ አለበት። ይህን ራሳቸው ያስተምሩ ነበር። ወዲያው ግን በመስጂዱ በር ያሉት ቃል ትዝ አላቸው። ከዚያ ያለፈ ካንተ ጋር ምንም ነገር የለኝም ብለውታል። ጀማዓው ሁሉ ሰምቷል።

መርፌና ክር ይዘው ነበር፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ሳያስገቡ ዐስር ደረሰ። ያን ቃል የተናገርኩት ማን ስለሆንኩ ነው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። መኪናዋ የኔ ናት? አይደለችም። ማንን አስፈቅጄ ነው? ማንንም። አርባ ዓመት የራሴን ስሰጥ ኖሬ አንድ ቀን የሁለት ሕፃናትን ሰጠሁ፤ ሰውም እንደ ወትሮው አላሁ አክበር አለልኝ፣ እኔም እንደ ወትሮዬ ደስ አለኝ። ደስታቸው ትዝ ሲላቸው አፈሩ። ከቃሉ ይልቅ ያሳፈራቸው ያ በደንብ የበሉት ምሳ ነው።

ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው እመት ዘይነባ ለበሬው ፉርሽካ እየበጠበጡ ነበር።

"በሬውን ልሸጠው ነው" አሉ ሸህ ጦይብ። "ማሳዋንም ጭምር።"

እመት ዘይነባ ከሥራቸው ሳይነሡ ምን እንደደረሰ ጠየቁ። ነገሯቸው። በሬውና ማሳዋ ሲሸጡ ስድሳ ሺህ ብር ይሞላል፤ በዝምታ ለልጆቹ ይከፈላል፤ ይማምም አይጨነቅም፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

"ይማም ያውቃል?" አሉ እመት ዘይነባ።

"ምኑን?"

"የየቲም ሀቅ አንገቱ ላይ መኖሩን።"

"እኔ ከከፈልኩለት አንገቱ ነጻ ይወጣል።"

"እሱስ ይውጣ። በድብቅ የሚሆነው ለምንድን ነው?"

"እንዳያፍር ብዬ ነው።"

እመት ዘይነባ እጃቸውን ከፉርሽካው አውጥተው ጠረጉ። "ሸህ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል" አሉ። "የሚያፍረው ይማም ነው ወይስ እርስዎ? በሬው ምን ገዶኝ፣ ይሽጡት። ስምዎን የሚገዙበት ከሆነ ግን ዋጋው ውድ ነው።"

ሸህ ጦይብ ለመግሪብ ውዱእ ሲያደርጉ ሁለት ጊዜ ተሳስተው እንደገና ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ይማም ቤት ሄዱ። ይማም ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ ነበር፤ ድምፃቸውን ሲሰማ ደስ ብሎት ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ በርጩማ አቀረበላቸው። ሸህ ጦይብ አልተቀመጡም። የመጡበትን ነገር ሳያለሳልሱ ነገሩት፤ መኪናዋ የየቲሞች መሆኗን፣ በዋጋዋ ላይ የደረሰውን፣ አውፍ ያሉትም በማያዙበት መሆኑን።

ይማም ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ሸህ፣ ያኔ ሰው ሁሉ እየሰማ አውፍ ብለውኛል" አለ።

"ብዬሃለሁ።"

"ከጥገናው ያለፈ የለኝም ብለውኛል።"

"እሱንም ብዬሃለሁ። ተሳስቼ ነው።"

"እርስዎ ተሳስተው እኔ ልከፍል?" አለ ይማም። "ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ብር ነበረኝ። እርስዎ አውፍ ሲሉኝ ለልጄ ኒካህ አዋልኩት፤ ልብሷን ገዛሁ፣ በግ ገዛሁ፣ ሰው ጠራሁ። አሁን ከየት ላምጣ? መኪናዋ የጀውሀር እንደነበረች ማን ያላወቀ አለ? እርስዎ ሲሉ ይበቃል ብዬ ነው እንጂ። ዝም ቢሉኝ ምን ነበረበት? ማንም አያውቅም ነበር።"

"አንተ ራስህ አታውቅም ነበር" አሉ ሸህ ጦይብ። "አኺራ ላይ ሁለት ልጆች መጥተው ሀቃችንን ሲሉህ ምንም የምታስታውሰው አይኖርህም ነበር። ያስጨነቀኝ እሱ ነው።"

ይማም በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ "ቃዲው ክፈል ካለኝ እከፍላለሁ" አለ። "በእርስዎ ቃል ግን ከእንግዲህ አላድርም።"

ሸህ ጦይብ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሰው ሲያወድሳቸው በኖረበት ዘመን ሁሉ ከሰሙት ቃል ይህ አንዱ ከብዷቸው ነበር። ዙህር ሳይደርስ ወሬው ከተማውን ሞላ። ግማሹ "ሸኹ በእርጅናቸው ብር ወደዱ" ይላል። ግማሹ "ይማም የየቲም ገንዘብ በላ" ይላል። ሁለቱም ወገን ምንም አያውቅም፤ ግን ሁለቱም ወላሂ እያለ ነው የሚያወራው።

እሑድ ቃዲው ፊት ቀረቡ። ቃዲው ከሸህ ጦይብ እግር ሥር ቁርኣን የቀራ፣ ገና ጢሙ ያልሸበተ ሰው ነው። መምህሩን ከሳሽ ሆነው ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። ሀዋ ልጆቹን ጎረቤት ትታ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። በዚያ ሰሞን የሰው በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር የምታድረው፤ ጣቶቿ ቀልተዋል።

ቃዲው ሁለቱንም ሰማ፣ ከዚያ ወደ ሸህ ጦይብ ዞረ።

"መኪናዋ የማን ናት?"

"የጀውሀር ልጆችና የሀዋ።"

"አውፍ ሲሉ አስፈቅደዋቸዋል?"

"አላስፈቀድኩም። ልጆቹ ለማስፈቀድም አልደረሱም።"

"ወሲይ የየቲምን ሀቅ ይቅር ማለት ይችላል?"

"አይችልም" አሉ ሸህ ጦይብ። "ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።"

ቃዲው ጎንበስ አለ። ቀጥሎም ሁለት መኪና አዋቂዎችን ጠይቆ የጎደለው ዋጋ በእርግጥ ስድሳ ሺህ ብር መሆኑን አረጋገጠና ፈረደ። ይማም ጥገናውን ፈጽሟል፤ የጎደለውን ዋጋ ግን መክፈል አለበት። ሸህ ጦይብ በመስጂዱ በር ያሉት ቃል ባለቤቶቹን አያስርም። ፍርዱን ሲጨርስ ትንሽ አመነታና ጨመረ።

"ሸህ፣ ይማም በእርስዎ ቃል ተማምኖ ያስቀመጠውን አውጥቷል። ይህኛው ደግሞ በእርስዎ በኩል ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ ሸህ ጦይብ። "በሬ አለኝ። በሬው የኔ ነው፣ በሱ ማንንም አላስፈቅድም። ሽጬ ዋጋውን ለይማም እሰጠዋለሁ። ለልጆቹ የሚከፍለው እሱ ነው፤ እኔ የምሰጠው ላሳሳትኩት ሰው ነው።"

"አልፈልግም ብል እዋሻለሁ" አለ ይማም። "የለኝም። የበሬውን እቀበላለሁ፣ የቀረውን በሽንኩርቱ እከፍላለሁ።"

ነገሩ አለቀ ተብሎ ሰው ሊነሣ ሲል ሀዋ ከበሩ አጠገብ ተናገረች።

"ጌታዬ፣ ከዚህ ብር ውስጥ የኔ ስንት ነው?" አለች ቃዲውን።

"የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ እጅ ነው" አለ ቃዲው። አሰበና "ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር" አላት።

"እንግዲያው እሱን ለይማም አውፍ ብዬዋለሁ" አለች። "እኔ በርበሬዬን ቀንጥሼ እሞላዋለሁ። የልጆቹን ግን እናታቸውም ብሆን አልችልም።"

በዚህ ጊዜ አላሁ አክበር ያለ ሰው አልነበረም። ሸህ ጦይብ የኮፍያቸውን ጠርዝ ወደ ዓይናቸው ስበው አለቀሱ። አርባ ዓመት ሙሉ የተመሰገኑበትን ነገር አንዲት በርበሬ ቀንጣሽ ሴት ከመቀመጫዋ ሳትነሣ በትክክል ሠራችው፤ የራሷን ለየች፣ ስንት እንደሆነ ጠየቀች፣ ከዚያ ሰጠች።

ማክሰኞ መኪናዋ ለማር ነጋዴው ተሸጠች። የቤቷ ሻጭ ለጎደለው ሁለት ወር ታገሠ፤ ይማም ከሁለተኛው ወር ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረሰ። ሀዋም የራሷን ሞልታ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቿን ይዛ አዲሱ ቤት ገባች።

ከዚያ በፊት ግን የሚቀጥለው ጁምዓ ነበር። ሰው ከሶላት ሲወጣ ሸህ ጦይብ ያኔ አውፍ ባሉበት ቦታ ቆመው ጠበቁ። ጀማዓው ተሰበሰበ።

"ይማም የየቲም ገንዘብ አልበላም" አሉ። "እኔ የማላዝበትን ይቅር ብዬው ነው። ሲነገረው ወደ ቃዲ ሄደ፣ ተፈረደበት፣ ተቀበለ። ስለሱ ክፉ ያወራ ሰው እሱን ራሱን ሄዶ ያስፈቅደው።"

አንድ ሽማግሌ ከፊት ቆመው ነበርና "ሸህ ጦይብ፣ ማን ጠየቀዎት? ፍርዱ አልቋል፣ ራስዎን ለምን ያዋርዳሉ?" አሏቸው።

"ያሞገሳችሁኝ ሰው እየሰማ ስለነበር ነው" አሉ ሸህ ጦይብ። ከዚያም ይህን ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ፤ "የኔን ስሰጣችሁ ዱዓ አድርጉልኝ። የኔ ያልሆነውን ስሰጣችሁ ግን እጄን ያዙኝ።"

ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማ ስለ ወሲይነትና ስለ የቲም ገንዘብ ብቻ የተነገረ መስሎኝ ነበር። አሁን እንዲህ አላስብም። እኛ ሽምግልና የምንወድ ሰዎች ነን። ሰው ተበድሎ ሲመጣ በዳዩን ከመጠየቃችን በፊት ተበዳዩን ከበን "አውፍ በል፣ ለአላህ ብለህ አውፍ በል" እንላለን። ሀቁ የኛ አይደለም። የተጎዳው ጎን የኛ አይደለም። እኛ ግን እንሰጣለን፣ እንመሰገናለን፣ ቤታችን ገብተን ምሳችንን በደንብ እንበላለን። እጃችንን የሚይዝ ሰው ቢመጣ ደግሞ ሰላም የማይወድ ብለን እናባርረዋለን።

ባለፈው ዓመት ከሕንጻ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። መወጣጫው የበሰበሰ መሆኑን አሠሪው እያወቀ ነው ያወጣው። አሠሪው ሐኪም ቤት አሳከመው፤ አጥንቱ ገጥሟል፣ ከዚያ በኋላ ግን ከባድ ነገር መሸከም አይችልም፤ እንጀራው ደግሞ ሸክም ነበር። ያንን የጎደለ ጉልበት ይካሰኝ ሲል እኛ ሽማግሌ ሆነን ገብተን ከዙህር እስከ መግሪብ አስቀምጠን አውፍ በል እያልን ለመንነው። በመጨረሻ ደከመውና አውፍ አለ። ፋቲሓ ቀርተን፣ አሠሪው ያረደውን በግ በልተን ተለያየን። ብዙ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ አንደበተ ርቱዕ ነህ ተብያለሁ።

ሰውዬው የሚኖረው ከኔ ቤት ብዙ ሳይርቅ ነው። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር ሰላምታዬን አስረዝማለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ቤቱ እሄዳለሁ። አውፍ እንዲለኝ አይደለም፤ ሀቁ ስንት እንደነበር ልጠይቀው ነው።